የግል ቅንብር ማህደሮች አያያዝና የሥራ ርክክብ

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ኮምፒዩተር እንደማንኛውም ቋሚ ንብረት በሞዴል 19 ገቢ፣ በሞዴል 22 ደግሞ ወጪ ሆኖ ለሠራተኛው ይሰጣል። መለያ ቁጥር ይለጠፍበታል፤ በንብረት መዝገብም ይሰፍራል። ሠራተኛው ሲዛወር ወይም ሥራውን ሲለቅ ንብረቱን አስረክቦ ክሊራንሱን ያስፈርማል። በዚህ ሂደት ውስጥ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የማይሰፍር፣ ብዙ ጊዜም አስረካቢውም ሆነ ተረካቢው መኖሩን የማያውቁት አንድ ነገር አለ። ይኸውም ሠራተኛው በየዕለቱ የሚገለገልባቸው ፕሮግራሞች በኮምፒዩተሩ ውስጥ በስሙ ከፍተው የያዙት የግል ቅንብር ማህደር ሲሆን፣ በሙያው ቋንቋ ፕሮፋይል እየተባለ ይጠራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ማህደሩ ምን እንደሚይዝ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ከአንድ በላይ ማህደር መክፈት ለምን እንደሚያስፈልግና በርክክብ ወቅት እንዴት ሊያዝ እንደሚገባ ማብራራት ነው። በአብነት የተወሰዱት ሞዚላ ፋየርፎክስ የተሰኘው የድረ ገጽ ማሰሻና ሞዚላ ተንደርበርድ የተሰኘው የኢ-ሜይል ፕሮግራም ናቸው። ሁለቱም ያለ ክፍያ የሚገኙ ከመሆናቸው በላይ፣ የማህደራቸውን አሠራር ተጠቃሚው በግልጽ እንዲያየውና እንዲያዝበት ይፈቅዳሉ።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣው ኔትስኬፕ ኮሙኒኬተር በአንድ ኮምፒዩተር ለሚገለገሉ የተለያዩ ሰዎች የየራሳቸውን ፕሮፋይል ይከፍት ነበር። ኔትስኬፕ እ.ኤ.አ. በ1998 የፕሮግራሙን ምንጭ ለሕዝብ ክፍት ሲያደርግ የተጀመረው የሞዚላ ፕሮጀክትም ይህንኑ አሠራር ወረሰ። እ.ኤ.አ. በኅዳርና በታኅሣሥ 2004 ለአገልግሎት የበቁት የመጀመሪያዎቹ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ ይዘውት የወጡ ሲሆን፣ እስካሁንም በመሠረቱ አልተለወጠም።

ፕሮግራሙና ማህደሩ

አንድ ሰው ፋየርፎክስን ወይም ተንደርበርድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከፍት ፕሮግራሙ አንድ ማህደር በራሱ ይፈጥራል። የማህደሩ ስም በዘፈቀደ በተመረጡ ስምንት ፊደላትና ቁጥሮች ይጀምርና ከነጥብ በኋላ የፕሮፋይሉ ስም ይከተላል። ስሙ ለንባብ የማይመች እንዲሆን የተደረገው ሆን ተብሎ ነው፤ ጎጂ ፕሮግራሞች የማህደሩን አድራሻ አስቀድመው መገመት እንዳይችሉ ታስቦ ነው። ከማህደሮቹ ውጪ ደግሞ አንድ አነስተኛ የጽሑፍ ፋይል ይገኛል። በእርሱ ላይ የፕሮፋይሎቹ ዝርዝር፣ እያንዳንዳቸው የሚገኙበት ቦታና ፕሮግራሙ ሲነሳ በቅድሚያ የሚከፍተው የትኛው እንደሆነ ተመዝግቧል። ይህን ፋይል በመዝገብ ቤት ካለው የፋይል መለያ መዝገብ ጋር ማመሳሰል ይቻላል፤ ደብዳቤዎቹ በእርሱ ውስጥ ባይኖሩም የት እንዳሉ የሚያውቀው እርሱ ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ በየትኛውም ኮምፒዩተር ላይ አንድ ዓይነት በመሆኑ ቢበላሽ እንደገና ይጫናል። የማህደሩ ይዘት ግን ምትክ የለውም። በፋየርፎክስ ማህደር ውስጥ ተጠቃሚው ያስቀመጣቸው ዕልባቶችና የጎበኛቸው ገጾች ታሪክ፣ ያጠራቀማቸው የይለፍ ቃላት፣ የተቀበላቸው የደኅንነት ሰርተፊኬቶችና የጨመራቸው ተቀጥላ ፕሮግራሞች ይገኛሉ። ትንሽ የሚመስል ነገር ግን የብዙ ዓመት ድካም የሆነ ፋይልም አለ። በእንግሊዝኛ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ የኢትዮጵያውያንን የሰውና የቦታ ስም የፊደል ማረሚያው እንደ ስህተት ቆጥሮ በቀይ እንደሚያሰምርበት ይታወቃል። አንድ ጸሐፊ ስሞቹን አንድ በአንድ ወደ ማረሚያው መዝገበ ቃላት ሲጨምር ቃላቱ የሚቀመጡት በዚሁ ማህደር ውስጥ ነው።

ጉዳዩ ይበልጥ የሚከብደው በተንደርበርድ ላይ ነው። የኢ-ሜይል ፕሮግራም ደብዳቤዎችን ከመልእክት ማዕከሉ የሚያመጣባቸው ሁለት የታወቁ መንገዶች አሉ። አይማፕ በተባለው መንገድ ዋናው ደብዳቤ በማዕከሉ ኮምፒዩተር ላይ ይቆያል፤ በሠራተኛው ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጠው ቅጂ ነው። ፖፕ በተባለው መንገድ ደግሞ ደብዳቤው ወደ ሠራተኛው ኮምፒዩተር ይወርዳል፤ በማዕከሉ ላይ ቅጂ እንዲቀር ካልታዘዘ በስተቀርም ከዚያ በኋላ የሚገኘው በሠራተኛው የቅንብር ማህደር ውስጥ ብቻ ይሆናል። በአይማፕ የሚሠራ ሠራተኛም ቢሆን ከዚህ ሥጋት ነፃ አይደለም። የተመደበለት ቦታ ሲሞላበት አሮጌ ደብዳቤዎችን በኮምፒዩተሩ ላይ ወዳሉት የውስጥ ማህደሮች ያዛውራል። ደብዳቤዎቹ በዚያች ቅጽበት ከማዕከሉ ወጥተው የአንድ ኮምፒዩተር ንብረት ይሆናሉ። የኢንተርኔት መስመር አስተማማኝ ባልነበረባቸው ዓመታት ፖፕ ተመራጭ ስለነበር፣ በዚያ ዘመን የተደራጁ አሮጌ ማህደሮች ዛሬም በየቢሮው ቢገኙ የሚያስገርም አይሆንም።

ተሰውሮ የሚቀመጥ ማህደር

በዊንዶውስ ላይ የሁለቱ ፕሮግራሞች ማህደሮች የሚገኙት በተጠቃሚው ስም በተከፈተው ማህደር ሥር፣ አፕዳታ በተባለው ውስጥ ባለው ሮሚንግ በተባለ ንዑስ ማህደር ነው። አፕዳታን ዊንዶውስ በመደበኛ ሁኔታ ከተጠቃሚው ዕይታ ይሰውረዋል። ይህም ተጠቃሚው ሳያውቅ እንዳያበላሸው የተደረገ ጥንቃቄ ቢሆንም፣ በተግባር ግን ለከፍተኛ ጥፋት በር የሚከፍት ሆኗል።

ኮምፒዩተሩ በቫይረስ ሲጠቃ ወይም ሲዘገይ የሚወሰደው የተለመደ እርምጃ ፎርማት ማድረግ ነው። ከዚያ በፊት ባለሙያው ሠራተኛውን "የሚፈለግ ፋይል አለ ወይ?" ብሎ ይጠይቃል። ሠራተኛውም በዴስክቶፑና በሰነዶች ማህደር ውስጥ ያለውን በፍላሽ ገልብጦ "ጨርሻለሁ" ይላል። የተሰወረውን ማህደር ግን ማንም አላየውም፤ ስለዚህም አልተገለበጠም። ደብዳቤዎቹ እንደሌሉ የሚታወቀው ምናልባት ከወራት በኋላ አንድ የኦዲት ጥያቄ ሲመጣ ወይም ከአንድ አቅራቢ ድርጅት ጋር የተደረገ የጽሑፍ ልውውጥ ሲፈለግ ነው። በዚህ ጊዜ ዲስኩ በአዲስ መረጃ ስለተሸፈነ መልሶ የማግኘቱ ዕድል የመነመነ ይሆናል።

ማህደሩን ለማየት መሰወሪያውን ማንሳት የግድ አይደለም። በፋየርፎክስም ሆነ በተንደርበርድ የእገዛ ዝርዝር ውስጥ ስለ ችግር አፈታት የሚያትት ገጽ አለ። በዚያ ገጽ ላይ የፕሮፋይል ማህደር ከሚለው መስመር ትይዩ ያለው ቁልፍ ሲጫን ፕሮግራሙ ራሱ ማህደሩን ከፍቶ ያሳያል። የመሥሪያ ቤቱ ባለሙያ ፎርማት ከማድረጉ በፊት ይህን ቁልፍ መጫን ልማዱ ቢያደርገው አብዛኛው ጥፋት ይቀር ነበር።

በአንጻሩ ጠፋ የተባለው ሁሉ ጠፍቷል ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2019 ከወጣው 67ኛው የፋየርፎክስ ስሪት ጀምሮ፣ በአንድ ኮምፒዩተር ላይ በተለያየ ቦታ የተጫኑ ፋየርፎክሶች የየራሳቸው ፕሮፋይል እንዲኖራቸው ተደርጓል። በመሆኑም አንድ ባለሙያ ፕሮግራሙን ከቀድሞው በተለየ ቦታ ላይ እንደገና ቢጭነው ተጠቃሚው ዕልባት የሌለበት ባዶ ገጽ ሊገጥመው ይችላል። ደንግጦ "ሁሉም ጠፋ" ቢልም የቀድሞው ማህደር በቦታው አለ፤ አዲሱ ፕሮግራም ሌላ ማህደር ከፈተ እንጂ አሮጌውን አልነካውም። እንዲህ ባለ ጊዜ መጀመሪያ ሊደረግ የሚገባው የፕሮፋይሎቹን ዝርዝር መመልከት ነው።

ከአንድ በላይ ማህደር ለምን?

ለአብነት አንድ ባለሙያ መደበኛ ሥራውን እንደያዘ ለተወሰነ ጊዜ የአንድ ኮሚቴ ጸሐፊ ሆኖ ይመደብ። የኮሚቴውን ደብዳቤዎች በራሱ የተንደርበርድ ማህደር ውስጥ ቢቀበል የሁለቱ ሥራዎች ጽሑፎች ይቀላቀላሉ። ኮሚቴው ሥራውን ጨርሶ ሰነዱን አስረክብ ሲባል ከሺህ ደብዳቤዎች መካከል የኮሚቴውን መለየት የሳምንት ሥራ ይሆንበታል፤ አንዳንዱም ከእጁ ያመልጣል። ለኮሚቴው የራሱ ፕሮፋይል ከመጀመሪያው ተከፍቶ ቢሆን ኖሮ ግን ርክክቡ አንድ ማህደር ከመገልበጥ አያልፍም ነበር። በወረቀቱ ዓለም ለእያንዳንዱ ጉዳይ የተለየ ፋይል የሚከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው።

የግል ጉዳይንና የመሥሪያ ቤትን ጉዳይ መለየት ሌላው ምክንያት ነው። በቢሮ ኮምፒዩተር ላይ የባንክ ሒሳቡን ወይም የግል ኢ-ሜይሉን የሚከፍት ሠራተኛ፣ የግሉ የይለፍ ቃላት ከመሥሪያ ቤቱ ጋር በአንድ ማህደር ውስጥ ሲጠራቀሙ በርክክብ ቀን ከሁለት አንዱን ለማድረግ ይገደዳል፤ ወይ የግሉን ለሌላ ሰው ትቶ ይሄዳል፣ ወይም የግሉን ላጥፋ ሲል የመሥሪያ ቤቱንም አብሮ ያጠፋል። የጸሐፊው እምነት፣ በተግባር ይበልጥ ጎጂ የሆነው ሁለተኛው ነው። ሠራተኛው በክፋት ሳይሆን የግል ክብሩን ለመጠበቅ ሲል ሁሉንም ሰርዞ ይወጣልና።

ተጨማሪ ፕሮፋይል ለመክፈት ፕሮግራሙ በቅድሚያ መዘጋት ይኖርበታል። ከዚያም በዊንዶውስ የትእዛዝ መስጫ ሳጥን ውስጥ የፕሮግራሙ ስም ይጻፍና ከአንድ ክፍት ቦታ በኋላ ሰረዝና ፒ የተባለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጨመርበታል። ትእዛዙ ሲሰጥ በተለመደው ገጽ ፋንታ የፕሮፋይሎች ዝርዝር ያለበት አነስተኛ መስኮት ይከፈታል። አዲስ መፍጠር፣ ስም መቀየርም ሆነ መሰረዝ የሚቻለው ከዚሁ መስኮት ነው። ከፒ ቀጥሎ የፕሮፋይሉን ስም የያዘ አቋራጭ ምልክት በዴስክቶፑ ላይ ማዘጋጀትም ይቻላል። አንዱ ምልክት የመደበኛ ሥራውን፣ ሌላው የኮሚቴውን ይከፍታል ማለት ነው። ከ138ኛው ስሪት ማለትም እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2025 ጀምሮ ደግሞ ፋየርፎክስ ለየፕሮፋይሉ ስም፣ ቀለምና ምልክት መስጠት የሚያስችል ቀለል ያለ አሠራር ደረጃ በደረጃ ማቅረብ ጀምሯል።

ስም አሰጣጡ ተራ ነገር ሊመስል ይችላል። ይሁን እንጂ "አዲስ"፣ "አዲስ 2" እየተባሉ የተከፈቱ ማህደሮች ከዓመት በኋላ ለከፋቹም እንግዳ ይሆናሉ። ስያሜው በሰው ሳይሆን በሥራ መደቡ ቢሆን ይመረጣል፤ ሰው ይዛወራል፣ መደቡ ግን ይቆያል።

ሁለት አደገኛ ቦታዎች

ፕሮፋይል ሲሰረዝ ፕሮግራሙ አንድ ጥያቄ ያቀርባል፦ ስሙ ከዝርዝሩ ብቻ ይውጣ ወይስ ፋይሎቹም ይጥፉ? ፋይሎቹ ይጥፉ ከተባለ ወደ ቆሻሻ መጣያው እንኳ ሳይገቡ በቀጥታ ይጠፋሉ። ከዚህ የከፋው ደግሞ የሚከተለው ነው። ተጠቃሚው ፕሮፋይሉን ሲፈጥር ማህደሩ በፈለገው ቦታ እንዲሆን መምረጥ ይፈቀድለታል። በዚህ ጊዜ አዲስና ባዶ ማህደር በመምረጥ ፋንታ ሌሎች ሰነዶች ያሉበትን ማህደር ቢመርጥ፣ ኋላ ፕሮፋይሉ ከነፋይሎቹ ሲሰረዝ በዚያ ማህደር ውስጥ ያለው ማንኛውም ሰነድ አብሮ ይጠፋል። ፕሮግራሙ የራሱን ፋይል ከሪፖርቱ ወይም ከበጀት ሠንጠረዡ አይለይም። ስለሆነም አስተማማኙ ምርጫ ፋይሎቹን ሳይነኩ ስሙን ብቻ ማውጣት፣ ማህደሩንም ከተመረመረ በኋላ በእጅ ማስወገድ ነው።

ሁለተኛው አደጋ አንድን ማህደር ለሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ ማካፈል ነው። ፕሮግራሙ ማህደሩን ሲከፍት በውስጡ የመቆለፊያ ፋይል ያኖራል፤ ሌላ ሊከፍተው ሲሞክርም ፕሮግራሙ በሥራ ላይ መሆኑን የሚገልጽ መልእክት ይመጣል። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ይህ ጥበቃ በበቂ ሁኔታ ይሠራል። አንዳንድ ክፍሎች ግን ሁለት ጸሐፊዎች አንድ የደብዳቤ ሳጥን እንዲጋሩ በማሰብ ማህደሩን በኔትወርክ ላይ ባለ የጋራ ቦታ ያስቀምጡታል። በውስጡ ያሉት የዳታቤዝ ፋይሎች የሚጠቀሙበት የመቆለፍ ዘዴ በኔትወርክ ላይ ሁልጊዜ አስተማማኝ ባለመሆኑ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲጽፉ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። ለጋራ ሥራ የሚመቸው በአይማፕ የሚሠራ የጋራ የደብዳቤ አድራሻ ከፍቶ ለየጸሐፊው የራሱን ማህደር መስጠት ነው።

የይለፍ ቃልና ርክክብ

ብዙዎች የተቀመጡ የይለፍ ቃላት ተመስጥረው ስለሚገኙ ሥጋት የለም ብለው ያምናሉ። እውነት ነው፤ ፋየርፎክስና ተንደርበርድ የይለፍ ቃላቱን አመስጥረው ያስቀምጣሉ። ሆኖም መፍቻው ቁልፍ ያለበት ፋይልም በዚያው ማህደር ውስጥ ነው። ካዝናውን ቆልፎ ቁልፉን በላዩ ላይ እንደመተው ይቆጠራል። ተጠቃሚው ዋና የይለፍ ቃል የተባለውን ተጨማሪ ጥበቃ ካላበጀ በስተቀር፣ ሙሉ ማህደሩን በፍላሽ የገለበጠ ሰው በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ከፍቶ ሁሉንም ሊያነብ ይችላል። ከይለፍ ቃላቱ ሌላ፣ ሳይዘጉ የቀሩ ገጾችን የመግቢያ ምልክት የሚይዘው ፋይልም አብሮ ይገለበጣል።

ዋና የይለፍ ቃል የሚጠብቀው የይለፍ ቃላቱን ብቻ መሆኑም ሊዘነጋ አይገባም። የተንደርበርድ ደብዳቤዎች በመደበኛ ሁኔታ አይመሰጠሩም፤ ማንኛውም የጽሑፍ ፕሮግራም ከፍቶ ሊያነባቸው ይችላል። ፕሮፋይሎችም ቢሆኑ ሥራን ለመለያየት የተበጁ ክፍልፋዮች እንጂ አጥር አይደሉም። በአንድ የዊንዶውስ መግቢያ ስም የሚጠቀሙ ሁለት ሠራተኞች አንዱ የሌላውን ፕሮፋይል ከዝርዝሩ መርጦ ለመክፈት የሚያግዳቸው የለም። በጋራ ኮምፒዩተር ላይ የእያንዳንዱ ሠራተኛ ጽሑፍ ምስጢራዊነት የሚጠበቀው ለየሰዉ የተለየ የዊንዶውስ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሲሰጥ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዙ አካላት ተገቢውን የደኅንነት ጥበቃ እንዲያደርጉ ግዴታ የሚጥል በመሆኑ፣ የአመልካቾች ማንነትና አቤቱታ ያለበት የደብዳቤ ማህደር ከዚህ ተለይቶ ሊታይ አይችልም።

በመሆኑም የሥራ መደብ ፕሮፋይል ሲተላለፍ ቅደም ተከተሉ ሊጠበቅ ይገባል። አስረካቢው ደብዳቤዎቹንና ዕልባቶቹን ሳይነካ የተቀመጡትን የይለፍ ቃላት ያጠፋል፤ ከተከፈቱ ገጾችም ይወጣል። መሥሪያ ቤቱ በበኩሉ የደብዳቤ አድራሻውን የይለፍ ቃል በማዕከሉ ላይ ለውጦ አዲሱን ለተረካቢው ይሰጣል። ይህ ሳይሆን ቢቀር የቀድሞው ባለመደብ ከሄደበት ቦታ ሆኖ የደብዳቤ ሳጥኑን መክፈቱን ሊቀጥል ይችላል።

ሌሎች ፕሮግራሞችም ተመሳሳይ ማህደር አላቸው። ጉግል ክሮም እያንዳንዱን ፕሮፋይል በአፕዳታ ሥር ሎካል በተባለው ንዑስ ማህደር ውስጥ ያስቀምጣል። የይለፍ ቃላቱ ምስጠራ ከዊንዶውስ መግቢያው ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ማህደሩን ወደ ሌላ ኮምፒዩተር መገልበጥ ብቻውን የይለፍ ቃላቱን አያሻግርም፤ ይህም ለጥበቃ ሲጠቅም መጠባበቂያ ቅጂ ለሚይዝ ሰው ግን እንቅፋት ይሆናል። ሊብሬኦፊስም ተጠቃሚው ያዘጋጃቸውን የደብዳቤ ቅጾችና ወደ መዝገበ ቃላቱ የጨመራቸውን ቃላት በራሱ የቅንብር ማህደር ውስጥ ይይዛል።

መጠባበቂያ ቅጂ የሚወሰደው ፕሮግራሙ ከተዘጋ በኋላ ሲሆን፣ የሚገለበጠውም የተመረጠ ፋይል ሳይሆን ሙሉ ማህደሩ ነው። ቅጂው የሚሠራ መሆኑን ለማረጋገጥ በሌላ ኮምፒዩተር ላይ አዲስ ፕሮፋይል ሲፈጠር የተገለበጠውን ማህደር እንዲጠቀም ማዘዝና ደብዳቤዎቹን ማየት ይበቃል። በዚያ ኮምፒዩተር ላይ ያለው ፕሮግራም ከቀድሞው ያላነሰ ስሪት መሆን አለበት፤ ያነሰ ከሆነ ፕሮግራሙ ማህደሩን በመክፈት ፋንታ አዲስ ባዶ ፕሮፋይል እንዲፈጠር ይጠይቃል። በርክክብ ሰነዱ ላይም ከኮምፒዩተሩ መለያ ቁጥር ቀጥሎ አንድ መስመር ሊጨመር ይችላል፤ የፕሮፋይሉ ስም፣ የሚገኝበት ቦታ፣ የፕሮግራሙ ስሪት፣ ቅጂው የተወሰደበት ቀንና ቅጂውን ከፍቶ ያየው ሰው ፊርማ።